ሣር አጫጁ ብሌኒ በቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ

በዓሣ መሸጫዎች «ሣር አጫጅ» እየተባለ የሚሸጠው ብሌኒ ሳይንሳዊ ስሙ ሳላሪያስ ፋሲያተስ ነው። በርሊን ይኖር የነበረው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ማርኩስ ኤሊዘር ብሎኽ እ.ኤ.አ. በ1786 የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ መግለጫ ጻፈለት። ዓሣው ሙሉ በሙሉ ሲያድግ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። የሚኖርበት የባሕር ክልል ግን ሰፊ ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይጀምርና የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በፓስፊክ ውስጥ እስከ ሳሞአ ይደርሳል፤ በሰሜን የጃፓንን ሪዩክዩ ደሴቶች፣ በደቡብ የአውስትራሊያን ታላቁ ባሪየር ሪፍና ኒው ካሌዶኒያን ይነካል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የሚመርጠው ሰፈር አንድ ዓይነት ነው፦ ፀሐይ እስከ ታች የሚደርስበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ የሞተ ኮራል ስብርባሪ፣ አሸዋ፣ አልጌ የለበሰ ድንጋይ፣ በጭራው በኩል የሚገባበት ቀዳዳ።

የኮራል ገንዳ ያለው ሰው ይህን ዓሣ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ለመልኩ አይደለም። ድንጋዩና መስታወቱ አረንጓዴ ለብሶበት የሚያጸዳለት ፈልጎ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ብሌኒው የሚኖረው እንዲያጠፋው በተገዛበት ነገር ስለሆነ፣ ሥራው በሰመረ ቁጥር ምግቡ ያልቃል። ገንዳው ጠርቶ፣ ባለቤቱ በግዢው ረክቶ ባለበት ሰሞን ዓሣው ከሲታ ሆኖ ይገኛል። ይህን ዝርያ በማሳደግ ረገድ ከውሃ ጥራት ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ አልጌው ካለቀ በኋላ ምን ይበላል የሚለው ነው።

አካሉና አበላሉ

ብሌኒው ቡናማና ወይራማ መልክ አለው፤ በላዩ ላይ ጠቆር ያሉ ቋሚ ጥላዎችና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። ሲፈራ ወይም ሲመሽ ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ማታ በባትሪ ብርሃን ያየው ሰው ታምሟል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ ሲነጋ ግን ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ከዓይኖቹ በላይ ቅርንጫፍ ያወጡ ትንንሽ የሥጋ ክሮች ቆመዋል። ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ ስለሚዞሩ አንዱ ድንጋዩን እያየ ሌላው ከመስታወቱ ማዶ የቆመውን ሰው ይከታተላል። ዓሣውን ከወደዱት ሰዎች ብዙዎቹን የማረካቸው ይኸው ነገር ነው፤ ከቀዳዳው ራሱን ብቻ አውጥቶ ቤቱን ሲታዘብ የሚውል ዓሣ ብዙ አይገኝም።

ቆዳው ቅርፊት የለውም፤ በወፍራም ልጋግ ብቻ የተሸፈነ ነው። ብዙ ዓሣዎች በውሃ መካከል ተንሳፍፈው እንዲቆሙ የሚያግዛቸው የአየር ከረጢትም በአዋቂው ብሌኒ አካል ውስጥ የለም። ስለዚህ መዋኘት ሲያቆም ወደ ታች ይሰጥማል። ቀኑን የሚያሳልፈው በሆዱ በኩል ባሉት ቀጫጭን መቅዘፊያዎች ተደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው የሚሄደውም በአጫጭር ዝላይ ነው። እነዚህ ሁለት ጠባዮች፣ ቅርፊት አልባነቱና በታች ነዋሪነቱ፣ ወደ ኋላ ስለ መድኃኒትና ስለ አመጋገብ በሚነሣው ነገር ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ልዩ የሚያደርገው አፉ ነው። ወፈር ካሉት ከንፈሮቹ ጀርባ እጅግ ቀጫጭን ጥርሶች እንደ ማበጠሪያ ተደርድረዋል። ጥርሶቹ በመንጋጋው አጥንት ላይ ተተክለው የቆሙ ሳይሆኑ ከድድ ቆዳው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋሉ። በእንዲህ ያለ ጥርስ ጠንካራ ነገር መንከስ ወይም ረጅም የአልጌ ዘለላ መቁረጥ አይቻልም። የሚቻለው ድንጋዩን መጥረግ ነው። ብሌኒው አፉን ከፍቶ ድንጋዩ ላይ ይለጥፍና በአንድ ፈጣን ምት ፍቆ ይነሣል። መስታወት ላይ ሲበላ የከንፈሩ ቅርጽ በአረንጓዴው ስስ ሽፋን ላይ ታትሞ ይቀራል። አዲስ የገባ ዓሣ መብላት አለመብላቱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ለመሆኑ እየፋቀ የሚበላው ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር፤ አልጌ። በሪፍ ድንጋይ ላይ ያለው ስስ ምንጣፍ ግን ከአልጌ ብቻ የተሠራ አይደለም። በአጫጭሮቹ የአልጌ ክሮች መካከል ደቃቅ ብስባሽ፣ የዓሣ ዓይነ ምድር ቅሪት፣ ባክቴሪያ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትና አሸዋ ይጠራቀማሉ። ሾን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በታላቁ ባሪየር ሪፍ ብሌኒዎች ላይ ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የሣር አጫጁ ወገን የሆኑት ብሌኒዎች ከሚውጡት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ብስባሽ ነው። አልጌው አብሮ ይገባል፤ ነገር ግን ማበጠሪያው ጥርስ ይበልጥ የተሠራው በክሮቹ መካከል ያለውን ለመሰብሰብ ይመስላል። ብስባሹ ሲያዩት ቆሻሻ ቢሆንም በውስጡ ባለው ባክቴሪያና ረቂቅ ሕይወት ምክንያት ከብዙ የአልጌ ክሮች የተሻለ ምግብ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግኝት ለገንዳ ባለቤት ትልቅ ትርጉም አለው። በየሳምንቱ አሸዋው የሚመጠጥበት፣ ድንጋዩ በብሩሽ የሚታሸት፣ ማጣሪያው አንዲት ቅንጣት የማያሳልፍ ገንዳ ለብሌኒው ባዶ ገበታ ነው። አረንጓዴ ነገር በዓይን ቢታይ እንኳ ዓሣው የሚፈልገው ላይኖር ይችላል።

የሚያጸዳውና የማያጸዳው

በመስታወትና በድንጋይ ላይ የሚወጣውን ስስ አረንጓዴ ሽፋን፣ በአዲስ ገንዳ ላይ ቡናማ አቧራ መስሎ የሚታየውን ዳያተም የተባለ አልጌ፣ ገና ያላደጉ አጫጭር የአልጌ ክሮችን በትጋት ይጠርጋል። እንደ ፀጉር የረዘመ አልጌ ግን አይወድም፤ አንዳንዱ ዓሣ ጫፉን ይቀማምሳል እንጂ አይጨርሰውም። ብራዮፕሲስ የተባለውን ላባ መሳይ አልጌ፣ ቫሎኒያ የተባለውን አረንጓዴ እንክብል፣ በአሸዋ ላይ ቀይ ንፍጥ መስሎ የሚንጣለለውን ሳያኖባክቴሪያ ያስወግዳል ብሎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ረጅሙ አልጌ በእጅ ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ እንዳያድግ መጠበቅ ግን ይችላል፤ እውነተኛ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። አልጌ የሚያድገው ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ስላለ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚመጡት ለዓሣዎቹ ከሚበተነው ምግብና በውል ካልተጣራ ውሃ ነው። ብሌኒው አልጌውን ሲበላ ንጥረ ነገሩ ከገንዳው አይወጣም። ከፊሉ ሥጋው ይሆናል፤ የቀረው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ፣ በሆዱ በኩል በረጃጅም ግራጫ ክር መሳይ ዓይነ ምድር ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ያንኑ መልሶ የሚበላው ሌላ አልጌ ነው። ንጥረ ነገሩን ከገንዳው የሚያስወጡት የውሃ ቅያሬ፣ ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው አረፋ ሰብሳቢ፣ በተለየ ክፍል ውስጥ የሚያድግና በየጊዜው የሚታጨድ ኬቶሞርፋን የመሰለ አልጌ ናቸው። በምግብ ብዛት የተበላሸን ገንዳ ብሌኒ አያድነውም።

ገንዳው

ለአንድ ሣር አጫጅ ብሌኒ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ መጠን 110 ሊትር ነው። መጠኑ ለመዋኛ በቂ ነው፤ ለግጦሽ ግን ያንሳል። ከ200 ሊትር በላይ የሆነና ብዙ ድንጋይ ያለበት ገንዳ የበለጠ የሚበላ ገጽ ስላለው ይመረጣል። ከስፋቱ ይልቅ የሚበልጠው ዕድሜው ነው። ገንዳው ከተመሠረተ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው፣ ድንጋዩ ላይ ሕይወት የሰፈረበት፣ አሞኒያና ናይትራይት በምርመራ ዜሮ የሆኑበት መሆን አለበት። በሁለተኛው ወር ላይ አልጌ ሲፈላ ቸኩሎ ብሌኒ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ያ የመጀመሪያ አልጌ ግን በራሱ ጊዜ የሚከስም በመሆኑ ዓሣው ብዙም ሳይቆይ ያለ ምግብ ይቀራል።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ገደማ፣ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ቢሆን ለዓሣውም ለኮራሉም ይስማማል። ቀይ ባሕር በሰሜኑ ክፍል እስከ 40 ግራምና ከዚያ በላይ ጨው አለው፤ ያው ዝርያ በዚያም ይኖራል። ዓሣውን የሚጎዳው በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ድንጋዩ ሲደረደር የጣት ውፍረት ያላቸው ብዙ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል፤ መሸሸጊያ ያጣ ብሌኒ ከጥግ ወጥቶ አይበላም።

ከላይ መክደኛ የግድ ነው። የብሌኒ ወገኖች መዝለል ያውቃሉ፤ በጉዋም ደሴት ጠረፍ የሚገኘው አልቲከስ አርኖልዶረም የተባለው ዘመዳቸው እንዲያውም አብዛኛውን ሕይወቱን ከውሃ ውጪ በእርጥብ ዐለት ላይ እየዘለለ ነው የሚያሳልፈው። ሣር አጫጁ ያን ያህል ባይደፍርም፣ ሲደነግጥ ወይም ሌላ ዓሣ ሲያሳድደው ከገንዳው ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። መስታወት ክዳን የአየር ልውውጡን ስለሚቀንስ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይሻላል።

የአየር ልውውጡ በደጋ ከተሞች የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የዓሣው ቁጥር ዝቅ ማለት፣ የውሃው ገጽ በፓምፕ በደንብ መናወጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ከብርሃኑና ከማሞቂያው በፊት የሚያስፈልገው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው።

መምረጥና ማላመድ

ብሌኒ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ሆዱ ነው። ጤነኛው ከጎን ሲታይ ሆዱ ጎበጥ ያለ ወይም ቢያንስ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሆድና ከራሱ ጀርባ የጎደጎደ ሥጋ ረጅም ጊዜ እንዳልበላ ያሳያሉ፤ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ዓሣ ምግብ ቢያገኝም ብዙ ጊዜ አይመለስም። የመሸጫ ገንዳዎች በአብዛኛው ድንጋይና አልጌ የሌላቸው ባዶ ስለሆኑ፣ ዓሣው ከተጠመደበት ቀን አንስቶ ምንም ሳይበላ የቆየ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ምግብ ጨምሮ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። የደረቀ የባሕር አልጌ ወይም የሚሰጥም እንክብል ሲበላ የታየ ብሌኒ ከሌላው እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅበት እንኳ ይሻላል።

ቤት ሲደርስ ከረጢቱ ሙቀቱ እስኪስተካከል ገንዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ የገንዳው ውሃ በጠብታ እየተጨመረ ዓሣው ከጨዋማነቱ ጋር ይላመዳል። የከረጢቱ ውሃ ወደ ገንዳው አይደፋም። ከኮራሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በሌላ ገንዳ ለጥቂት ሳምንታት መቆየቱ ክሪፕቶካርዮን የተባለውን ነጭ ነጠብጣብ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ ለመከላከል ይጠቅማል። ለዚህ በሽታ በሰፊው የሚሰጠው መድኃኒት መዳብ ነው። ቅርፊት የሌለው ብሌኒ ግን መዳብን የሚቋቋመው ከሌሎች ዓሣዎች ባነሰ ደረጃ ስለሆነ፣ መጠኑ በመመርመሪያ እየተለካ ቀስ በቀስ ካልጨመረ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ይገድለዋል። በዋናው ገንዳ ውስጥ መዳብ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ቀንድ አውጣዎችንና ኮራሎችን ይፈጃል። በማቆያውም ቢሆን ዓሣው ጾም እንዳያድር ከዋናው ገንዳ አልጌ የለበሰ ድንጋይ ይገባለታል፤ መዳብ የነካው ድንጋይ ግን ተመልሶ ወደ ዋናው ገንዳ አይሄድም።

ምግብ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሌኒው ድንጋዩን እየጠረገ ይኖራል፤ ሌላ ምግብ ማስለመድ ያለበትም ያን ጊዜ እንጂ አልጌው ካለቀ በኋላ አይደለም። የሚቀርበው ጨውና ዘይት ያልነካው ኖሪ የተባለ የደረቀ የባሕር አልጌ፣ ስፒሩሊና የበዛበት የሚሰጥም እንክብል፣ አልጌ የተቀላቀለበት የቀዘቀዘ ምግብ ነው። ኖሪው ለሌሎቹ አልጌ በሊ ዓሣዎች እንደሚደረገው በመስታወቱ ላይኛ ክፍል በመቆንጠጫ ቢሰቀል ብሌኒው ላያገኘው ይችላል፤ የታች ነዋሪ ስለሆነ ትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ታስሮ ከቀዳዳው አጠገብ ሲቀመጥለት ይቀላል። አንዳንዱ ዓሣ ወዲያው ይለምዳል፤ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ጭራሽ እምቢ የሚልም አለ።

እምቢ ለሚለው ከሁሉ የሚያዋጣው ድንጋይ ማፈራረቅ ነው። የገንዳው ባሕር ውሃ በተቀዳበት ባልዲ ወይም ትንሽ ገንዳ ውስጥ ጥቂት ድንጋዮች ይቀመጡና መስኮት ዳር ወይም መብራት ሥር ይተዋሉ። አልጌና ብስባሽ ሲለብሱ አንዱ ወደ ዋናው ገንዳ ይገባል፤ ብሌኒው የጨረሰው ወደ ባልዲው ይመለሳል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ዓሣውም በተፈጥሮው የሚያውቀውን ምግብ ያገኛል። ከዋናው ገንዳ መስታወቶችም የጀርባውን ወይም የጎኑን ሳይፋቅ መተው ይረዳል። ገንዳው በሁሉም በኩል እንዲያበራ የሚፈልግ ሰው ይህን ዓሣ ባያሳድግ ይመረጣል።

ሆዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ከጎን መታየት አለበት። እየከሳ ከሄደና ምንም አዲስ ምግብ ካልተቀበለ፣ አልጌ ለሞላበት ሌላ ገንዳ ባለቤት መስጠት ወይም ወደ ሻጩ መመለስ ነው የሚሻለው።

ከኮራልና ከሌሎች ዓሣዎች ጋር

ሣር አጫጁ በአብዛኛው ኮራል አይነካም። ሆኖም አንዳንዶቹ አክሮፖራ የተባለውን ኮራል ቆዳ፣ ሥጋማ ኮራሎችን ወይም ትሪዳክና የተባለውን ግዙፍ ሁለት ክዳን ዛጎል ከንፈር መቆንጠር ይጀምራሉ። ከመፍረድ በፊት መመልከት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠርገው ከኮራሉ ሥር በሞተው አጥንት ላይ ያደገውን አልጌ ነው። ሕያው ሥጋ ላይ የንክሻ ምልክት ከታየ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ረሃብ ነው፤ ምግቡ ሲጨመር የሚተው አለ፣ የማይተውም አለ። ኮራል ላይ የመቀመጥ ልማዱ ደግሞ ፖሊፖቹ እንዲሸሸጉ ከማድረግ ያለፈ ጉዳት እምብዛም የለውም።

በአንድ የቤት ገንዳ ውስጥ ሁለት ሣር አጫጅ ማኖር አይመከርም፤ ለግጦሹም ለቀዳዳውም ይጣላሉ። ሌሎች ብሌኒዎችንና መልካቸው የተቀራረበ ትንንሽ ጎቢዎችንም ሊያሳድድ ይችላል። በውሃ መካከል የሚዋኙትን ክላውንፊሽና ክሮሚስን ግን ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም።

ለጠባብ ገንዳ የሚስማሙ ዘመዶች አሉት። 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርሰው የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያው ኤክሴኒየስ ስቲግማቱራ ተመሳሳይ ሥራ በአነስተኛ ቦታ ይሠራል፤ ኤክሴኒየስ ባይከለር 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ኤክሴኒየስ ሚዳስ ግን ውብ ቢሆንም የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፕላንክተን ስለሆነ አልጌ ይቀንሳል ተብሎ አይገዛም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ መልክ ያታልላል። አስፒዶንተስ ቴኒያተስ ሌሎች ዓሣዎችን የሚያጸዳውን «ራስ» የተባለ ዓሣ መስሎ ይቀርብና መቅዘፊያቸውን ይነክሳል። ሜያካንተስ የተባሉት ደግሞ በመንጋጋቸው መርዝ ያለበት ክራንቻ አላቸው፤ በቀይ ባሕር የሚኖረውና ምንም መርዝ የሌለው አልጌ በሊ ኤክሴኒየስ ግራቪየሪ የእነሱን መልክ በመምሰል ራሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የዝርያውን ስም ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ጥንዶች በገንዳ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ አለ። እንቁላሎቹ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ እስኪፈለፈሉ ድረስ የሚጠብቃቸው ወንዱ ነው። የሚወጡት እጮች ግን ወዲያው በውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፉ ብዙዎቹ በፓምፕና በማጣሪያ ያልቃሉ፤ ለማሳደግ የተለየ ገንዳና ከእነሱ ያነሰ ሕያው ፕላንክተን ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ በገበያ ላይ የሚገኙት ሣር አጫጆች በአብዛኛው በቀጥታ ከባሕር የሚጠመዱ ናቸው፤ ከጌጥ ዓሣ ላኪዎቹ አገሮች ግንባር ቀደሞቹ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ናቸው።